በአንድ ስም ሁለት ውጤት

ሁለት መቶ ሠላሳ ስም አለኝ በዝርዝር፤
አረንጓዴው «ጨርሷል»፣ ቀዩ «ገና ሊጀምር»።
ከመስኮቴ ማዶ የሜይን ባሕር
በረዶ ለብሶ፣ ጀልባ አስሮ ሲያድር፣
እኔ የልጆችን ነገ እቆጥራለሁ በፐርሰንት፤
ሥራዬ ነው፣ ደመወዝ አለው፣ ሃያ አንድ ዓመት።

ዴልፊን ቲቦዶ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል፣
ከምሳ በኋላ መጥታ ተቀመጠች፣ በግድ ይመስል።
(ከሷ በፊት ኤመሪ ሁሉንም «በጣም» ብሎ ነካ፤
ማሽኑ ግራ ገብቶት «ሥራ አስኪያጅ» አለው፤ ልጁም ተመካ።)
ስድሳ ጥያቄ አለው ድረ ገጹ፤
መልሶቹ ፊቶች ናቸው፣ የሚስቁ፣ የሚቆጡ።

«ከቤት ውጭ መሥራት ደስ ይልሻል?» ይላል።
የአባቷ ጣት በጥር ከገመድ ጋር ይጣበቃል።
«ቁጥር መደመር?» በጣም። «ሰው ማሳመን?» በፍጹም።
«የተሰበረ መጠገን?» አሰበች። ለዚህ አልቸኮለችም።
ሲያልቅ ክቡ ዞረ፣ እንደ እንዝርት ሾረ፣
«የሒሳብ መርማሪ» ብሎ ተናገረ፤
ሰማንያ ሰባት ከመቶ፣ ደመወዙ ከፊቱ፣
ስድስት ኮሌጅ ተደርድሮ በየርቀቱ።

«ሎብስተር አጥማጅ» ብላ ጻፈች በፍለጋው ሳጥን፤
ወደ ታች የሚያይ ቀስት ወጣ፣ ቀይ፣ ቀጭን።
ዝም አለች።

ቀጥሎ የወጪው ስሌት። «የቤተሰብ ገቢ?»
ሳጥኗ ጠባብ ናት፣ ከአንድ ቁጥር በላይ አላስገቢ።
«የሐምሌውን ነው? የየካቲቱን? ሞተሩ ሳይሰበር
ወይስ ከተሰበረ በኋላ?» አለችኝ የምር።
ለካ የቤቱን ደብተር የያዘችው እሷ ናት፣
ከአሥራ አንድ ዓመቷ፣ እናቷ ከሄደች ክረምት፣
ዓሣ ዓሣ የሚሸት ደረሰኝ እያደረቀች በምድጃ፣
የባንክ ዕዳ፣ የናፍጣ፣ የወጥመድ መግዣ።
ማሽኑ ነገን ያየ መስሎ ትናንቷን አነበበ፤
የሰጠችውን ቆጥሮ መልሶ አስረከበ።

ሐሙስ ጠዋት ነው። ካፖርቴን ሳላወልቅ
ዝርዝሩን ስከፍት አየሁ አንድ ነገር ረቂቅ፤
በዴልፊን ስም ሌላ ውጤት፣ ሁለተኛ፣
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከሃያ፣ ወደቡ ሁሉ ሲተኛ።

ከቤት ውጭ መሥራት? አይ። ሰው መምራት? አይ። ቁጥር? አይ።
ዕቃ መፍታት፣ ድምፅ መለየት፣ የሚስቀው ፊት ላይ።
አርባ ሁለት ደቂቃ ፈጅቷል፣ ለልጆች ስምንት ይበቃል፤
በአንድ ጣት የሚጽፍ ሰው መሆኑ ያስታውቃል።
ውጤቱ፦ «ፒያኖ ቃኚ»። ዘጠና አራት ከመቶ።
እኛ ዘንድ ያለው አንድ ፒያኖ ነው፣ በቤተ ክርስቲያን፣ ሁለት ጥርሱ ወጥቶ።

ሉሲየን ቲቦዶን አውቀዋለሁ። አንድ ክፍል ነበርን።
አሥረኛን ሳይጨርስ የአባቱን ጀልባ ወረሰ፤ ያኔ ድረ ገጽ የለን፣
አማካሪ የለን፤ አንድ የባሕር ኃይል ፖስተር ብቻ፣ ግድግዳ ላይ።
ሞተር ሲያስል ሰምቶ ሕመሙን ይናገር ነበር፣ ጀልባዋን ሳያይ።
ቃኚስ ቃኚ ነው። ሠላሳ ዓመት ባሕር ሲቃኝ ኖረ፤
ማን ያውቃል፣ ሌላውን ቅኝት ለማን ነገረ?

ደንቡ ግልጽ ነው፦ የተደገመ ውጤት ይሰረዝ፣ የኋለኛው።
ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆየ። ደወሉ ነው ያባነነኝ፣ የሦስተኛው።

ዴልፊን ገባች፣ የአምስት ዓመት ገቢ አማካዩን አውጥታ፣
በእርሳስ፣ ቅዳጅ ወረቀት ላይ፣ አራት ቦታ አጥፍታ።
ቁጥሩን አስገባን። ዋጋው ከፈራነው አነሰ፣ ከተመኘነው በዛ።
«ይሞከራል» አለች፣ ወረቀቷን መልሳ ይዛ።
ልትወጣ ስትል፣ በሩ ላይ፣ ወደ ስክሪኑ ሳታይ፦
«የሌሊቱን» አለች፣ «እባክዎ አያጥፉት። እዚያው ይቆይ።»